የአዳነ መስኮት

እግር መቁረጥ የምወድ ሰው ነበርሁ። አትደንግጡ፣ በካሜራ ነው። ጣሊያን ከወጣ ወዲህ ባሉት ዓመታት ጎንደር ፒያሳ ጫፍ ላይ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ነበረችኝ፤ ከደንበኛ ጋር ሳልጣላ የዋልሁበትን ቀን ግን አላስታውስም። የገጠር ሰው ሲነሣ ሙሉ መሆን ይፈልጋል። ሁለት እግር፣ ሁለት እጅ፣ ሁለት ጆሮ፣ ከነጠመንጃው፣ ፊት ለፊት። አንድ የማክሰኝት ነጋዴ ከወገብ በላይ አንሥቼ ብሰጠው፣ «ግማሼን የት ጣልኸው? ሳልሞት እስከ ወገቤ ቀበርኸኝ እኮ!» ብሎ ደጄን በዱላ ደበደበው። እኔም የዋዛ አልነበርሁም፤ «ግማሽህን ማክሰኝት ሂደህ ፈልግ!» ብዬ አባረርሁት።

ሥራውን ያስተማረኝ አንድ ሽማግሌ አርመን ነው፤ ነፍሱን ይማረው። አማርኛው ስብርብር ያለ ነበር። «ሰው ሜዳ ላይ አትጣል። ቤት ስጠው» ይለኝ ነበር ሁልጊዜ። ሰውየውን በር መቃን መሃል አቁመው፣ ከቅስት ሥር አስቀምጠው፣ ወይም የዛፍ ቅርንጫፍ በላዩ አጥላበት ማለቱ ነው። ያን ጊዜ የተመልካች ዓይን ወዲያ ወዲህ አይባዝንም፤ መቃኑ ይዞ ወደ ፊቱ ይወስደዋል። ሌላም ብልሃት አሳየኝ። የወረቀት ጠርዝ የቆረጠው ሰው ቆራጣ ነው፤ መስኮት የቆረጠው ሰው ግን ሙሉ ነው። መስኮት ላይ ብቅ ያለን ሰው «እግርህ የታለ?» የሚለው የለም። ከግድግዳው ጀርባ መቆሙን ዓይን ራሱ ይሞላዋል። ይህችን ካወቅሁ በኋላ ከደንበኛ ጋር የነበረኝ ጠብ ጋብ አለ፤ ስሜም ወጣ።

እማማ ጥሩነሽ ወደኔ የመጡት ይህንን ሰምተው ነው። ከዳባት ወዲያ ካለ ቀበሌ በእግርም በማኪናም ብለው የመጡ፣ ቀጠን ያሉ አሮጊት ነበሩ። የለበሱት ጋቢ ለመንገድ የታጠበ፣ ንጹሕ ነጭ ነው።

«ሰው ሙሉ አድርገህ ታነሣለህ አሉኝ» አሉ ገና ከደጅ።

«አነሣለሁ እናቴ። ማንን ላንሣ?»

«ልጄን። ወህኒ ቤት ነው። እግሩ ላይ ብረት አለ። ብረቱን አገር እንዲያይብኝ አልፈልግም። ታዲያ እግር የሌለው ልጅም ይዤ አልገባም። እንዴት ታደርገዋለህ?»

ልጃቸው አዳነ በመሬት ወሰን ተጣልቶ የጎረቤቱን ሰው የገደለ ነበር። ተፈርዶበት ጎንደር ታስሯል። እናቱ ማን እግር ላይ ወድቀው እንደሆነ እንጃ፣ ከወህኒ ቤቱ ሹም ፈቃድ አግኝተዋል። ፈቃዱ ግን ከነማነቆው ነው፤ የእግር ብረቱ አይፈታም፣ የእጁም ሰንሰለት ከዘቡ እጅ አይወጣም።

በማግስቱ ካሜራዬን ተሸክሜ ሄድሁ። ግቢው ጭቃ ነው፤ ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ሰውም ጭቃ መስሏል። ዞር ዞር ብዬ ሳይ ጣሊያን በድንጋይ የሠራት አንዲት የጸሐፊ ክፍል አየሁ። ሰፋ ያለ፣ ፍርግርግ የሌለው፣ መቃኑ ሸጋ የሆነ መስኮት አላት። ቤት ተገኘ አልሁ በልቤ።

አዳነን ከውስጥ አቆምነው። የእግር ብረቱ ከግድግዳው ጀርባ ቀረ። ዘቡ፣ አንድ ጆሮው የተቆረጠ ረጅም ሰው፣ በሩን ከውጭ ቆለፈና የአዳነን የእጅ ሰንሰለት በመስኮቱ አውጥቶ፣ ጠመንጃውን በትከሻው ይዞ ከመስኮቱ ጎን ቆመ። ሰንሰለቱ በመስኮቱ ደፍ ላይ እንደ እባብ ተጋድሟል። እኔ ራሴን ሳክክ እማማ ጥሩነሽ ጋቢያቸውን አወለቁ። አንድ ቃል ሳይናገሩ ደፉ ላይ ዘረጉት፣ የልጃቸውን እጅ ከነሰንሰለቱ ከሥሩ ከተቱ፣ ዳር ዳሩን አስተካከሉ። ሰውየው በሰንበት ማለዳ መስኮቱ ላይ ጋቢ አንጥፎ የተደገፈ ባለቤት መሰለ።

«ፈገግ በል» አልሁት ከጥቁሩ ጨርቅ ሥር ሆኜ።

«ምነው፣ ምን ተገኝቶ?»

«ቤት አግኝተህ።»

ጎጆ ውስጥ ተወልዶ ጎጆ ውስጥ ያደገ ሰው ነው። መቃኑን ላይ ታች አየና፣ «እውነትህን ነው! በዕድሜዬ መስኮት ያለው ቤት ኖሬ አላውቅም። ቤቱ የማን ነው ቢሉህ የአዳነ ነው በላቸው» ብሎ ሳቀ። ሳቁን ያዝሁለት።

ያን ጊዜ የምናነሣው በፊልም ሳይሆን በመስታወት ላይ ነው። መስታወቱ ሁሉን ይዟል፤ ዘቡን፣ ጠመንጃውን፣ ከጋቢው ሥር ወጥቶ ወደ ዘቡ እጅ የሚሄደውን ሰንሰለት። እኔ ግን ወደ ወረቀት ሳወጣው በጥቁር ወረቀት ዙሪያውን ሸፍኜ መስኮቷን ብቻ አስቀረሁ። እላችኋለሁ፣ ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ እንደዚያ ያለ ፎቶግራፍ አላነሣሁም። እማማ ጥሩነሽ ሲያዩት ሳሙት፣ ደረታቸው ላይ ለጠፉት። «ብረት የለውም» አሉ። «የለውም» አልሁ። ክፈፍ ውስጥ አስገብቼ ሰጠኋቸውና ሄዱ።

ብዙም ሳይቆይ ወህኒ ቤቱ ተስቦ ገባበት። አዳነም በዚያው አለፈ፤ ሬሳው ለዘመድ ሳይሰጥ እዚያው ተቀበረ። እኔ ይህንን የሰማሁት ቆይቶ ነው። እናቱ ስንቅ ይዘው ሲመጡ ከበር ላይ ነገሯቸው አሉ።

አንድ ዓርብ ጠዋት ሱቄን ስከፍት አንድ ጎልማሳ ደጄ ላይ ተቀምጦ አገኘሁ። ከንፈሩ በብርድ ደርቋል። ሲያየኝ ብድግ አለ።

«አያ ጌታሁን የምትባል አንተ ነህ?»

«ነኝ። ምን ፈለግህ?»

«ተገኘ እባላለሁ። የአዳነ ወንድም ነኝ። ያንተ ፎቶግራፍ ሊያስገድለኝ ነው።»

ሳቄ መጣ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እውነት ሳቄ መጣ። «ወረቀት ሰው ሲገድል አላየሁም» አልሁት።

«ግባና ልንገርህ» አለኝ፤ ሱቁ የኔ መሆኑንም ረስቶታል። ገብተን ነገረኝ።

አዳነ የገደለው ሰው ታናሽ ወንድም ሞላ ይባላል። አዳነ መሞቱ ሲሰማ፣ ሞላና ዘመዶቹ «ደማችንን እግዜር መለሰልን» ብለው ነበር። ሽማግሌም ገብቶ እርቁ ሊያልቅ ደርሷል። ችግሩ የመጣው ከእማማ ጥሩነሽ ነው። ልጃቸው ሞቶ ራሳቸውን አልተላጩም። ጥቁር አልለበሱም። ተዝካር አላወጡም። ለቅሶ ሊደርስ የመጣውን ሰው ሁሉ «ምን ሆናችሁ?» እያሉ፣ ከምሰሶው የሰቀሉትን ፎቶግራፍ እያሳዩ፣ «ልጄ ቤት ገብቷል፤ ይኸው በመስኮቱ ያየኛል» ይላሉ።

«መጀመሪያ ሐዘኑ ነው ብለን ዝም አልን» አለ ተገኘ። «ሰው ግን አየው። ነጭ ጋቢ፣ የድንጋይ ቤት፣ ያ ሁሉ ሳቅ። እስረኛ ይህንን ይመስላል? ወሬው ሞላ ጆሮ ገባ። ጉቦ ሰጥተው አስወጡት፣ የሌላ ሰው ሬሳ ቀብረው ሞተ አሉ፣ አዳነ ጎንደር ላይ ፎቅ ሠርቶ ይኖራል ተባለ።»

«ፎቅ! ከጸሐፊ ክፍል ላይ?»

«ምን ላድርግ አያ ጌታሁን? መስኮት ያየ ሰው ፎቅ ይጨምራል። ሞላም ሽማግሌ ላከብን። ‹አዳነ ካለ ይምጣ። ከሌለ እናቱ ታልቅስ። እስከ እሁድ ቅዳሴ ካላለቀሰች ደሜን ከተገኘ እወስዳለሁ› አለ።»

«ታዲያ አታስለቅሷትም?»

«‹በቁሙ ልቅበረው?› ትላለች። በእግዜር፣ በታቦት ለምነናታል። እኔን ሊገድሉኝ መሆኑን ብነግራት ‹ወንድምህ ይመጣና ያስታርቅሃል› አለችኝ። የምትለውን ታምነዋለች። ሰንሰለቱን በራሷ ጋቢ የሸፈነች ሴት፣ ሰንሰለት አልነበረም ብላ ትምላለች!»

 ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ፤ እኔ ግን ጉዱን የሠራሁት በራሴ እጅ ነበር። ተገኘን አየሁት፤ መሬቱን እያየ ጣቱን ያፍተለትላል። ሽሽ አልሁት። ወደ ሑመራ ሂድ፣ ወደ ሱዳን ሂድ አልሁት።

«እሷንስ ለማን ትቼ? ደግሞ ከሸሸሁ አዳነ አለ ማለት አይደል?»

የአዳነ መስታወት ትዝ አለኝ። ተነሥቼ ወደ ጓዳ ሮጥሁ። ያን ጊዜ ለክፈፍ የሚሆን ባዶ መስታወት ከየት ይገኛል? እኛ ያረጁትን የፎቶ መስታወቶች በሙቅ ውኃ እያጠብን፣ ምስሉን እየፋቅን፣ ለክፈፍ መስታወት እናደርጋቸው ነበር። የአንዱ ሰው ምስል ተፍቆ የሌላው መሸፈኛ ይሆናል ማለት ነው። የአዳነም መስታወት የመታጠቢያ ተራውን ከሚጠብቀው ክምር ውስጥ ነበር። አንድ በአንድ ወደ ብርሃን እያነሣሁ ፈለግሁ። ሙሽራ፣ ካህን፣ የሞተ ሕፃን፣ እንደገና ሙሽራ።  ክምሩ ሊያልቅ ሲል ያ መስኮት ብቅ አለ። በዚያው ቀን ሳልሸፍን፣ ሳልቆርጥ፣ ዘቡንም ሰንሰለቱንም ይዤ በወረቀት አወጣሁት።

ቅዳሜ ጠዋት በጭነት ማኪና ተነሣን። ወረቀቱን ደረቴ ውስጥ፣ መስታወቱን በጭድ በተሞላ ሣጥን ጭኔ ላይ አድርጌ ነበር። ወለቃን አልፈን ዳገቱን ስንይዝ ማኪናው በነጠረ ቁጥር ሣጥኑን አቅፌ እይዝ ነበር።  አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ተገኘ፣ «ብርዱ ደህና ነው?» አለኝ። «ደህና ነው» አልሁት። እንደሱ ያለ ብርድ ግን አይቼ አላውቅም።

ከማኪናው ወርደን ገደል ገደሉን ስንሄድ ቆይተን ጀንበር ስታዘቀዝቅ ቤታቸው ደረስን። እማማ ጥሩነሽ ደጅ ነበሩ። አወቁኝ። ፊታቸው እንዴት እንደበራ ብነግራችሁ ታዝኑልኛላችሁ።

«መጣህ! እሱ ነው የላከህ?»

 ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምሁ። እጄን ይዘው አስገቡኝ። ፎቶግራፉ ከምሰሶው ላይ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ በትንሽ ሳህን እንጀራ ቀርቦለታል። በእሳቱ ብርሃን አዳነ ይስቃል። ያነሣሁት እኔ ነኝ፣ ቦታውን አውቃለሁ፣ የጭቃው ሽታ እንኳ ትዝ ይለኛል። እዚያ ቤት ውስጥ ሆኜ ሳየው ግን፣ የእውነት፣ በቤቱ ያለ ሰው ነበር።

እራት አበሉን። ሲመሽ እማማ ጥሩነሽ ጋቢያቸውን አወለቁና ፎቶግራፉን አለበሱት።

«ሌሊት ሌሊት አለብሰዋለሁ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ የሚሰማ ያለ ይመስል። «መስኮቱ ክፍት ነው። ብርድ ያስመታብኛል። አንተ ባለሙያው፣ መዝጋት ትችል ይሆን?»

«አልችልም እናቴ» አልሁ።

ተገኘ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ከወይራው ሥር ተሰበሰበ። በአንድ በኩል የሞላ ዘመዶች፣ በሌላው የተገኘ፣ መሃል ላይ ሽማግሌዎች። ዋናው አያ ውበቱ የሚባሉ፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ድምፃቸው ግን ያልደከመ አዛውንት ናቸው። ሞላ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። እኔ አውሬ የመሰለ ሰው ጠብቄ ነበር። ያየሁት ግን እንቅልፍ ያጣ፣ ጢሙን ያልተላጨ፣ የተጎሳቆለ ሰው ነው። እሱም ወንድሙን የቀበረ ነው እኮ። እማማ ጥሩነሽ ከሴቶቹ መሃል ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። ከዚያ ሁሉ ሰው ግራ ያልገባቸው እሳቸው ብቻ ናቸው።

«እንግዳው፣ ቁምና ተናገር» አሉ አያ ውበቱ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። እኛ ግን ለማደር ጊዜ የለንም።»

በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ማልሁና ሁሉን ተናገርሁ። መስኮቱን፣ ክፍሏን፣ ጋቢውን፣ እንዴት ዙሪያውን እንደሸፈንሁ። ከደረቴ አውጥቼ አዲሱን ወረቀት ሰጠኋቸው። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሞላ እጅ ሲደርስ ቆየ። ቀና ሲል ፊቱ ተለውጧል።

«ይህንን ዘብ አውቀዋለሁ» አለ። «መታሰሩን በዓይኔ ልይ ብዬ ጎንደር ስወርድ ከበር የመለሰኝ እሱ ነው። ጆሮ ቆራጣው።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። ተገኘ ተነፈሰ። እኔም አለቀ ብዬ ልቀመጥ ስል ሞላ ቀጠለ።

«እሺ፣ ታስሮ ነበር። መታሰሩንማ መች አጣሁት? ከዚያ በኋላስ? ሬሳውን ያየ ማነው? አያ ውበቱ፣ አንተ ፍረድ። እናት የልጇን ሞት ታጣዋለች? የኔ እናት በወንድሜ ቀን ፊቷን ነጭታ ደም አፍስሳለች። ይህች እናት በነጭ ጋቢ ተቀምጣለች! ሞቶ ቢሆን አንጀቷ ዝም ይላት ነበር?»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ራሴ ሞላን ብሆን ይህንኑ እላለሁ።

አያ ውበቱ ወደ ሴቶቹ ዞሩ። «ጥሩነሽ፣ እህቴ። ልጅሽ አለ ወይስ የለም? ተናገሪ።»

ወረቀቱን ወሰዱላቸው። እማማ ጥሩነሽ አዩት። በጣታቸው ሰንሰለቱን ነኩ፣ ወዲያው እጃቸውን እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰቡ።

«ይህ የኔ ልጅ አይደለም» አሉ። «የኔ ልጅ ብረት የለበትም። የኔ ልጅ ቤቱ ነው።»

«እማ!» አለ ተገኘ። 

ሞላ ተነሣ። ጠመንጃውን ሲያቀባብል ድምፁን ሰማሁት። ሁለት ሽማግሌዎች እግሩ ላይ ወደቁ። እሱ ግን በላያቸው ተሻግሮ የሚያየው ተገኘን ነው፤ ተገኘም አልሸሸም፤ እጁን አጣምሮ ቆሟል። እኔ ሳላስበው ከሣጥኑ መስታወቱን መዝዤ እማማ ጥሩነሽ ፊት ተንበረከክሁ። ምን ላደርግበት እንደሆነ አላውቅም ነበር። ወረቀቱን አልቀበልም ላለች ሴት ሌላ የምሰጣት አልነበረኝም፣ ያ ብቻ ነው። ወደ ሰማይ አነሣሁላቸው።

«እናቴ፣ ወረቀት ይቅር። መጀመሪያ ካሜራዬ ያየው ይህንን ነው።»

መስታወት ላይ ያለ ምስል ግልብጥ መሆኑን ታውቃላችሁ። ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ነው። እሳቸው ግን አያውቁም። ጨለም ያለ ነገር ያዩ መሰላቸውና ዓይናቸውን አጠበቡ፤ ቀረብ አሉ። ቆዩ። እጃቸው በደፉ ላይ ወደተነጠፈው ጋቢ ሄደ።

«ጋቢዬ ጠቁሯል» አሉ።

የሁሉም ዓይን ወደ እሳቸው ዞረ። የሞላም ጭምር።

«እኔ የለበስሁት ነጭ ነበር። ይኸው ጠቁሯል። ፊቱም ጠቁሯል... ጸጉሩም ሸብቷል። እዚያ ሄዶ ነው የሸበተው? ሐዘን ለብሷል እኮ። እሱ ለራሱ ሐዘን ለብሶ እኔ ነጭ ለብሼ!»

አፌን ከፍቼ ነበር። መስታወት ሁሉ እንዲህ ነው እናቴ፣ የሙሽራም መስታወት ቢሆን ነጩ ጥቁር ነው ልላቸው ነበር። ተገኘን አየሁት። ሞላንም ከነጠመንጃው አየሁት። አፌን ዘጋሁ።

እማማ ጥሩነሽ ቀስ ብለው ተነሡ። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውልቀው መሬት ጣሉ።

«ብረቱን የሸፈንሁት እኔ ነኝ» አሉ፤ ድምፃቸው እስከ ዳር ይሰማል። «በዚህ ጋቢ። እጁ ቀዝቃዛ ነበር። ልጄ ሞቷል። አዳነ ሞቷል። ምላጭ አምጡልኝ።»

ከዚያ የሆነውን ልተርክላችሁ አልችልም። ያችን ጩኸት የሰማ ሰው ዳግመኛ እንዲሰማ አይመኝም። ለወራት የታፈነ ለቅሶ በአንድ ጊዜ ነው የወጣው። ሴቶቹ ከበቧቸው፣ ራሳቸውን ላጯቸው፣ ነጭ ጸጉራቸው ነጩ ጋቢ ላይ ወደቀ። ሞላ ቆሞ አየ። ጥይቱን አወጣና ኪሱ ከተተ። «በቃኝ» አለ ለአያ ውበቱ። ሌላ ቃል አልጨመረም፤ ጠመንጃውን ወይራው ላይ አስደግፎ፣ እንደ አገሩ ወግ፣ ከለቀስተኛው መሃል ገብቶ ራሱን አቀርቅሮ ተቀመጠ።  ተገኘ መሬት ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ለወንድሙ ይሁን ለራሱ እንጃ።

ከመሄዴ በፊት ቤታቸው ገባሁ። የተላጨ ራሳቸውን በጥቁር ጨርቅ ጠምጥመው ከምሰሶው ሥር ተቀምጠዋል። ሳህኑ ተነሥቷል። አዳነ ግን አሁንም እዚያው ይስቃል።

«ልጄ» አሉኝ፣ ሳያዩኝ። «አሁንስ መስኮቱን መዝጋት ትችላለህ?»

ፎቶግራፉን ዞር አድርጌ ፊቱን ወደ ምሰሶው ሰቀልሁት።

እንግዲህ እናንተ የምታነቡኝ፣ የምትጠይቁኝን አውቃለሁ። አጠፋህ ወይ ትሉኛላችሁ። መስኮቱን በማንሣቴ አላጠፋሁም፤ ዛሬም እከራከራለሁ። አንዲት እናት ብረት የሌለው ልጅ ለመነችኝ፣ ሰጠኋት። በመስታወቱ ፊት ዝም ማለቴን ግን ልመልሰው አልችልም። አንዲት ሴት ልጇ በሞት አገር ጠቁሮና ሸብቶ እንደሚኖር አምና ሞተች፤ ያንን ያሳየኋት እኔ ነኝ። ተገኘ ግን ልጅ ወልዶ፣ ልጁንም እኔ ዘንድ አምጥቶ ፎቶግራፍ አስነሥቶ ሄዷል። ሁለቱን በሚዛን ላስቀምጥ ስል እጄ ይደክማል። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውሁት።

አርመኑ አስተማሪዬ ለሰው ቤት ስጠው አለኝ እንጂ፣ ቤት የሰጠኸው ሰው እንደሚኖርበት አልነገረኝም። ከዚያ ወዲህ መስታወት ማጠብ ትቻለሁ። ክፈፉ ያለ መስታወት ባዶውን ይሁን እንጂ የሰው ምስል ፍቄ ለሌላው መሸፈኛ አላደርግም። መቃን ግን አልተውሁም፤ ሙያዬ ነው። ዛሬም ሰው መስኮት ላይ ሳቆም መጀመሪያ፣ «እጅህን አሳየኝ» እላለሁ። ደንበኞቼ እጃቸው እንዲያምር የፈለግሁ ይመስላቸዋል፤ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ እየሳቁ፣ ሁለቱንም የእጅ አንጓ ወደኔ ይዘረጋሉ። ባዶ መሆኑን ካየሁ በኋላ ነው ጥቁሩ ጨርቅ ሥር የምገባው።